ጥቁሩ ሕንፃ እና ሻዩ ሕንፃ

ድሬዳዋ ውስጥ ከቀትር በኋላ ግድግዳ የሚደገፍ ሰው የለም። ሕፃን መዳህ ሲጀምር መጀመሪያ የሚማረው ይህንኑ ነው፤ «እሳት ነው!» ከሚባልበት ቀን ቀድሞ «ግድግዳ ነው!» ተብሎ እጁ ይመታል። አልጋ መሃል ቤት ይዘረጋል፣ ቁም ሳጥን መሃል ቤት ይቆማል፣ ሰውም እንደ በረት ከብት መሃል ላይ ተፋፍጎ ይኖራል። ምስማር መምታት ክልክል ነው፤ ከግንቡ ውጭ የተለበጠው የፀሐይ ሰሌዳ የነዋሪው አይደለም። መስኮት መክፈትም ክልክል ነው፤ መስታወቱ ራሱ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፣ ከተከፈተ ፊቱን ከፀሐይ ያዞራል፣ ፊቱን ካዞረ ምርት ይጎድላል። ምርት ሲጎድል የነዋሪው ስልክ ይጮኻል፤ መስኮቱ እስኪዘጋም ዝም አይልም።

የግድግዳ ሕግ ሲወጣ የተወለዱ ልጆች ዛሬ አግብተው ወልደዋል። ሕጉ አጭር ነው፤ ፀሐይ የሚያየው ግንብ ሁሉ ያምርት ይላል። የሚመረተው ኃይል ከከተማው ዳር ወዳሉት የስሌት አዳራሾች ይሄዳል። አዳራሾቹ ውስጥ ሰው የለም፣ ማሽን ብቻ ነው፤ ማሽኖቹ ሙቀት ስለማይወዱ ቀን ከሌት ይቀዘቅዝላቸዋል። እንግዲህ ሰው እየተጠበሰ ማሽን ይቀዘቅዛል ማለት ነው። የሌላ አገር ሰው ሲሰማው ቀልድ ይመስለዋል፤ ድሬ ውስጥ ግን የሚስቅበት ከጠፋ ቆይቷል።

ረምላ ጣሂር ልብስ ሰፊ ናት። የምትኖረው ጥቁሩ ሕንፃ በሚባለው የመጨረሻ ፎቅ፣ የከሰዓት ፀሐይ በሚመታው አንድ ክፍል ውስጥ፣ ከአባቷ ጋር ነው። አባቷ ጣሂር በጉልምስናው በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና የነዳ፣ ሳቁ ከሞተሩ የሚበልጥ ሰው ነበር። አንቱ ያላልነው በንቀት አይደለም፤ ድሬ ውስጥ ሽማግሌውም ሹሙም አንተ ነው፣ ጣሂርም አንቱ ያለውን ሰው «ምን አደረግኩህ?» ብሎ ይቀየማል። አምና ግራ ጎኑ ከዳውና አልጋ ላይ ዋለ። ሐኪሙ መድኃኒቱን አዘዘ፤ ከዚያ ረምላን ወደ በሩ ወሰድ አድርጎ፣ «ከእንግዲህ ሙቀት አይችልም። በዚህ ግድግዳ ሥር ሌላ ሰኔ የሚያልፍ አይመስለኝም» አላት።

ረምላ ያልሞከረችው የለም። ክፍል ይቀየርልኝ አለች፤ ተራ ጠብቂ ተባለች። አልጋውን ኮሪደር ላይ አውጥታ አስተኛችው፤ መተላለፊያ ዘጋሽ ተብላ መለሰችው። ቀኑን ሙሉ እርጥብ ጨርቅ ደረቱ ላይ ትዘረጋለች፣ ጨርቁ ወዲያው ይደርቃል፣ እንደገና ትነክረዋለች። በዚህ መሃል ቀሚስ ትሰፋለች። እጇ ሥራ ላይ፣ ጆሮዋ የአባቷ ትንፋሽ ላይ ነው።

ስለዚህ ውድድሩ ሲታወጅ ከከተማው ሰው ሁሉ ቀድማ የሰማችው እሷ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰሌዳዎቹ አርጅተዋል፤ የግድግዳ ኃይል ኮሚሽን የሚባለው መሥሪያ ቤት ሕንፃዎቹን በሙሉ እንደ አዲስ ሊያለብስ ተነሥቷል። ምን ያልብሳቸው? ለምርጫ የቀረበው ሁለት ዓይነት ነው። ጥቁሩ ሕንፃ የድሮውን ዓይነት ለብሷል፤ ወፍራም፣ ጥቁር፣ ግንቡ ላይ በማጣበቂያ ልጥፍ ያለ። ከመንገዱ ማዶ ያለው ሕንፃ ደግሞ ለሙከራ ሌላኛውን ለብሷል፤ ስስ፣ ቀላ ያለ፣ ከግንቡ አንድ ክንድ ያህል ርቆ በብረት የተሰቀለ። ቀለሙ ውሃ የበዛበት ሻይ ስለሚመስል ሰው ሻዩ ሕንፃ ይለዋል። በሰሌዳውና በግንቡ መሃል አየር ከታች ይገባል፣ ሙቀቱን ይዞ በላይ ይወጣል። ርግቦችም ጎጆ ሠርተውበታል። የሻዩ ሕንፃ ሰዎች ግድግዳ ይደገፋሉ ይባል ነበር፤ ረምላ አላምን ብላ አንድ ቀን ከሰዓት ሄደች፣ ጀርባዋን አስጠግታ ቆመች፣ ዕንባዋ መጣ።

ጥቁሩ ሰሌዳ በብርድ አገር ጀግና ነው። ሲሞቅ ግን ይሰንፋል፤ የሰነፈበትን ፀሐይ ደግሞ የትም አይጥለውም፣ ከጀርባው ላለው ክፍል ይሰጠዋል። ስሱ ሰሌዳ በሙቀት ብዙም አይረታም። እርግጥ ቶሎ ያረጃል፣ ዋጋውም ከበድ ይላል። ይህን ሁሉ ድሬ ውስጥ ቆሎ ሻጯም ታውቀዋለች፤ ኮሚሽኑ ግን ማወቅ የሚፈልገው በመሣሪያ ነው። አንድ ሳምንት ሙሉ፣ በግንቦት፣ ሁለቱ ሕንፃዎች ፊት ለፊት ይለካሉ። ብዙ ያመረተው የከተማው ልብስ ይሆናል።

ረምላ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ግንቦትን ወደደችው። ይሙቅ! አለች። ጥቁሩ ይተኛ፣ ሻዩ ይርታ፣ ይህ የተረገመ ነገር ከአባቴ ራስጌ ይነሣ። አዲሱ እስኪሰቀል ግንቡ ራቁቱን የሚቆምባቸው ጥቂት ሳምንታት ራሳቸው ለጣሂር ዕድሜ ነበሩ።

የኮሚሽኑ ሰዎች መጡ። መንገዱ ዳር ነጭ ድንኳን ተከሉ፣ ድንኳኑን አቀዘቀዙ፣ ሁለቱ ሕንፃዎች በየሰዓቱ ያመረቱትን የሚያሳይ ትልቅ ስክሪን አቆሙ። ሕዝቡ እንደ ኳስ ጨዋታ ከበበው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሻዩ መራ። የጥቁሩ ሕንፃ ነዋሪዎች አንገታቸውን ደፉ፤ ከሁሉም በላይ የተከፋው ተጠሪያቸው በድሩ ነበር። በድሩ ሆዱ የሚቀድመው፣ ክፋት የማያውቅ፣ መሸነፍ ግን የማይችል ሰው ነው። ረምላ በደረጃው ስትወርድ ፊቷ በርቶ ሲያያት፣ «አንቺ የማን ወገን ነሽ?» ብሎ ጠየቃት። «የአባቴ» አለችውና አለፈች።

በማግስቱ ጠዋት የሰፋቻቸውን ቀሚሶች ይዛ አሸዋ ገበያ ሄደች። ስትመለስ ከሩቅ ጭብጨባ ሰማች። ከሰዓቱ ሙቀት አስፋልቱን ያለዝባል፤ በእንዲህ ያለው ሰዓት ጥቁሩ ሰሌዳ መተኛት ነበረበት። ስክሪኑን ቀና ብላ አየችው። ጥቁሩ ሕንፃ ይመራል፤ ያውም በሰፊው።

በድሩ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ ከእግር እስከ ራሱ ርሶ፣ ከሰው መሃል እየጨፈረ ወጣ።

«በላናቸው አቦ! በላናቸው!»

«ምን አድርጋችሁ?»

«ኧረ አንቺ ሳቂ እንጂ! ምን ሆነሽ ነው?»

ረምላ አልፋው ሄደችና መዳፏን በሕንፃው ጥቁር ልባስ ላይ አሳረፈች። ቀዝቃዛ ነው። ከጣሪያው ጀምሮ ውሃ በሰሌዳው ላይ እየተንጠባጠበ ይወርዳል፤ እግሯ ሥር ያለው አቧራ ጭቃ ሆኗል።

«ውሃ አፍስሳችሁበታል!»

«ረጨነው እንጂ! ምን ማፍሰስ አለው?» በድሩ በእርግጥ ግራ ገባው። «ሰዎቹ ከአዲስ አበባ ድረስ መጥተው ደረቅ ደጅ ላይ ይዋሉ? ባለጌ አደረግሽን እንዴ?»

ድሬ ውስጥ እንግዳ ሲጠበቅ ደጅ ይረጫል። አቧራው ይተኛል፣ ወለሉ ይበርዳል፣ እንግዳውም የእርጥብ አፈር ሽታ ከሩቅ ሲያገኘው መወደዱን ያውቃል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት በዚህ ዘመን እንኳ ሰው ከሚጠጣው ቀንሶ ይረጫል። ይህን ረምላም ስታደርገው ያደገችው ነው። ግን ግድግዳ የሚረጭ ሰው ሰምታ አታውቅም።

«ማነው ግድግዳ እርጩ ያላችሁ?»

«አባትሽ ነዋ!» አለ በድሩ፣ እንደሚያስመሰግናት ነገር። «ጠዋት ልጠይቀው ብገባ ተቆጣኝ። እንግዳ ደጃችን ሰንብቶ ጠብታ ውሃ አልረጫችሁም፣ ድሬ ሞታለች ወይ? አለኝ። ግቢ የለንም አልኩት። ግቢ ከሌላችሁ ደጃችሁ ግድግዳው አይደለም ወይ? አለኝ። ወላሂ አፈርኩ። ሰዉ ሁሉ ያለውን አዋጣ። ጣሪያ ወጥተን አወረድነው። ከዚያ ስክሪኑን ብታይው! እንደ ሮኬት!»

ረምላ ደረጃውን የወጣችው እየሮጠች ነው። በራቸው አጠገብ ሁለቱ ቢጫ ጀሪካኖች ተጋድመዋል፤ ባዶ። የአባቷን ገላ የምታብስበት፣ ጨርቁን የምትነክርበት፣ እስከሚቀጥለው ፈረቃ የቆጠበችው ውሃ ነበር።

ጣሂር አልጋው ላይ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ይጠብቃታል። ጨርቁ ደረቱ ላይ ደርቆ እንደ ካርቶን ቆሟል። የሚታዘዝለት ግማሽ አፉ ሳቀ።

«ረጩት?»

«ረጩት።»

«እንግዶቹ... ደስ አላቸው?»

ረምላ አባቷን ተናደደችበት። በሕይወቷ እንደዚያ ቀን ተናዳበት አታውቅም። ገና ዛሬ ጠዋት፣ እሷ በሌለችበት፣ ከሚገድለው ግድግዳ ጋር ወግኖ፣ የራሱን ውሃ አስረክቦ፣ ተኝቶ ይስቃል። «ገደልከን አባ» የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችው፤ ለአልጋ ቁራኛ ምን ይባላል? ወጥታ አንዱን ጀሪካን በእግሯ መታችው፤ እየተንኳኳ እስከ ታች ድረስ ወረደ።

ጎረቤቷ ሂክማ ድምፁን ሰምታ በሯን ከፈተች። ሂክማ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ናት። በድሩም እያለከለከ ደረሰ። ረምላ ሁለቱን አቆመችና እጇን እያወናጨፈች ተናገረች፤ ውሃው ሰሌዳውን አቀዘቀዘው፣ ስለቀዘቀዘ አመረተ፣ ይህ ጥቁር ነገር ካሸነፈ ዕድሜ ልካችንን ሊጠብሰን ነው፣ ከነገ ጀምሮ አንድ ጠብታ እንዳታፈሱ!

ሂክማ ግን ሆዷን ይዛ፣ «ያሸነፈው ሕንፃ አሳንሰር ይገባለታል ብለዋል» አለች። «አንቺ ይሄን ሆድ ተሸክመሽ አምስት ፎቅ ወጥተሻል? ልጄን ይዤ በየቀኑ ስወጣ ስወርድ ልኑር?»

«ልጅሽን እዚህ ግድግዳ ሥር ልታስተኚው ነው እኮ!»

«ሁላችንም እዚሁ ነው ያደግነው አቦ። ሞትን?»

ረምላ የአባቷን በር አየች።

በማግስቱም ተረጨ። አሁን እንግዳውን ማንም አላነሣም፤ ስክሪኑን እያዩ ነበር የሚያፈሱት። ረምላ ሰፍታ የማትጨርሰውን ቀሚስ አስቀምጣ መንገዱን ተሻገረችና ነጩ ድንኳን ገባች።

ድንኳኑ ውስጥ ብርድ አለ። ላቧ ጀርባዋ ላይ ቀዘቀዘና አንቀጠቀጣት። የቡድኑ መሪ ኢንጂነር ፋኑኤል ይባላል፤ ወጣት፣ ትሑት፣ ሹራብ የለበሰ። ግንቦት፣ ድሬዳዋ፣ ሹራብ! ተነሥቶ ወንበር አቀረበላት።

«ይቀመጡ እባክዎ።»

«አልቀመጥም። የጥቁሩን ልኬት ሰርዘው። ሰው ውሃ ሲያፈስበት ነው የዋለው። አንተ የለካኸው ሰሌዳውን አይደለም፣ የኛን ጀሪካን ነው።»

ኢንጂነሩ አልተቆጣም። ወደ ባልደረባው ዞሮ፣ «አላልኩህም? የሆነ ነገር እያቀዘቀዘው ነው አላልኩም?» አለ። ከዚያ ወደ ረምላ ተመለሰ፤ ዓይኑ በርቷል። «ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚያፈሱት? ሁሉም ቤት ያዋጣል? ሳይታዘዙ?»

«እንግዳ ናችሁ ብለው ነው።»

«በጣም ደስ ይላል» አለ ከልቡ።

«ስማኝ» አለች ረምላ። «አባቴ እዚያ ላይ ተኝቷል። ከሰዓት ግድግዳው ላይ እንጀራ ይጋገራል። ክፍሉን ግቡና ለኩት። የሻዩንም ለኩት። ከዚያ አወዳድሩ።»

«ወይዘሮ ረምላ፣ ይገባኛል። ግን እኛ የምንለካው ምርትን ነው። ክፍል አያመርትም።»

«ሰው አለበት እኮ!»

«አውቃለሁ» አለ፤ በእርግጥም ያዘነ ይመስላል። ሐዘኑ ረምላን ከስድብ በላይ አነደዳት። ሲሸኛት እጇን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ «ትልቅ ውለታ ነው የዋሉልን» አላት። ምን ውለታ እንደዋለችለት ያኔ አልገባትም።

የገባት ውጤቱ ሲነገር ነው። ጥቁሩ ሰሌዳ አሸነፈ። ኮሚሽኑ የተረጨውን ውሃ አልደበቀም፤ እንዲያውም አመሰገነ። ርካሹ ሰሌዳ፣ ነዋሪው በየቀኑ ካቀዘቀዘው፣ ውዱን እንደሚበልጥ በድሬዳዋ ሕዝብ መልካም ባህል ተረጋግጧል አለ። ስለዚህ ከሰኔ ጀምሮ በመላው ከተማ፣ ቀትር ላይ ሳይረን ሲነፋ፣ እያንዳንዱ ቤት ሁለት ጀሪካን ውሃ ጣሪያ ላይ አውጥቶ በግድግዳው ያወርዳል። ያላወረደ መብራቱ ይቆረጣል። የውሃው ፈረቃ እንዳለ ይቀጥላል። አሳንሰሩ ለከርሞ ተላለፈ። ግንቡም ራቁቱን አልቆመም፤ አሮጌውን ማንሣት ወጪ ነው ተብሎ አዲሱ ጥቁር በአሮጌው ጥቁር ላይ ተለጠፈ።

ሰዉ ከኮሚሽኑ ይልቅ በረምላ ተናደደ። ኮሚሽኑ ሩቅ ነው፣ እሷ ቅርብ ናት። «አንቺ ሄደሽ ባትነግሪያቸው ማን ያውቅ ነበር?» አለቻት ሂክማ ደረጃው ላይ። ረምላም የምትመልሰው አላጣችም፤ ግን የሂክማን ሆድ አየችና ተወችው።

ሰኔ ገባ። ሳይረኑ ለመጀመሪያ ጊዜ በሚነፋበት ቀን ኢንጂነር ፋኑኤል ካሜራ አስከትሎ መጣ። የመጀመሪያው ሕንፃ የግድ ጥቁሩ ነበር፤ ባህሉ የተገኘው እዚህ ነዋ። ክፍሉ ውስጥ የጣሂር ትንፋሽ አጥሯል። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፤ ዓይኑን የሚገልጠው አልፎ አልፎ ነው። ድርብ ሰሌዳው ያጠራቀመው፣ ከውጭ ውሃ ቢወርድበትም የማይበርድ ሙቀት ግንቡን አልፎ አልጋው ድረስ ይመጣል፤ መሃል ቤት ድረስ።

ሳይረኑ ጮኸ። ደረጃው በእግርና በጀሪካን ኳኳታ ተሞላ። ከላይ ውሃው ሲወርድ ይሰማል፤ ከሰሌዳው ጋር ሲገናኝ ጭስስ ይላል። ረምላ ሁለቱን ጀሪካኖቿን አነሣችና በሩን ከውስጥ ዘጋች። አባቷ ሥር ላስቲክ ዘረጋች። ሸሚዙን ፈታችለት። ከዚያ ያለ ቁጠባ፣ በትልቅ ጣሳ፣ ከራሱ ጀምራ አፈሰሰችበት። ጣሂር መጀመሪያ ደነገጠ፤ ቀጥሎ ደረቱ ከፍ ዝቅ አለ፤ ቀጥሎ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። ከስንት ቀን በኋላ የወጣ ሙሉ ትንፋሽ ነበር።

አንደኛው ጀሪካን አልቆ ሁለተኛው ሲጋመስ በሩ ተንኳኳ። ኢንጂነሩ ነው። አምስት ፎቅ በእግሩ ወጥቶ ሹራቡን ክንዱ ላይ ጥሏል፤ ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠባል፣ ከንፈሩ ደርቋል። የካሜራው ሰው ከኋላው ቆሟል።

«ወይዘሮ ረምላ፣ የእርስዎ ድርሻ አልወረደም። ከታች ይታያል፣ ከግድግዳው ይቺ የእርስዎ በኩል ብቻ ደረቅ ናት።»

«አይወርድም።»

«እባክዎ፣ ቀረጻ ላይ ነን። ግድግዳው...»

«ግድግዳው ይጠማው።»

ኢንጂነሩ አንገቱን አስግጎ ወደ ውስጥ አየ። አንድ እርምጃ ገባና ቆመ፤ ሙቀቱ ፊቱን መታው። እጁ የሚይዘው ፈልጎ ወደ ግድግዳው ሄደ፣ ነካው፣ ወዲያው ሰበሰበው።

«መብራትዎን ልቆርጥ ነው» አለ በዝቅተኛ ድምፅ። «የልብስ ስፌት ማሽንም አለዎት።»

«ቁረጠው።»

በዚህ መሃል ጣሂር ዓይኑን ገለጠ። ውሃ ከቅንድቡ እየወረደ በሩ ላይ የቆመውን ሰው አተኩሮ አየው። የማያውቀው ሰው ነው፤ ሩቅ መንገድ የመጣ፣ የደከመው፣ ያላበው፣ የጠማው። የሚታዘዝለት እጁ ወደ ጀሪካኑ ተንቀሳቀሰ።

«ረምላ» አለ፤ ቃሉ ተቆራርጦ ወጣ። «እንግዳ ነው... ውሃ ስጪው።»

ረምላ በዚህ ቤት ውስጥ ለሰው ውሃ ከልክላ አታውቅም። እናቷም አታውቅም፣ የእናቷ እናትም አታውቅም። ኢንጂነሩ ጣሳውን እያየ ምራቁን ዋጠ።

«አይደለም አባ» አለች። «ይህ ሰው እንግዳ አይደለም።»

የቀረውን ውሃ ቀዳችና፣ ኢንጂነሩ ቆሞ እያየ፣ በአባቷ ደረት ላይ አፈሰሰችው።